ከወንበሩ የተነቀለው ሰው፦ የአንድ ፖቴዝ 25 ሞዴል አወዳደቅና ጥገና

የሚበርረው የአውሮፕላን ሞዴል እኔ ዘንድ የደረሰው በሁለት ካርቶን ተከፋፍሎ ነው። በአንዱ ክንፎቹ ነበሩ፤ በሌላው የተሰባበረው አፍንጫና ጅራቱ። የሠሩት ሁለት የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። በመጀመሪያ በረራው በደህና ተነሣ። ከፍ ማለት ሲጀምር አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሰቀለ፣ ፍጥነቱን ጨረሰ፣ ከዚያ በግራ ክንፉ ዞሮ መሬት ገባ። «ጋሼ፣ ሞተሩ ነው ወይስ ሰርቮው?» ብለው ነበር የመጡት፤ ሰርቮ መሪዎቹን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር ነው። ሁለቱም አልነበሩም። አውሮፕላኑን የጣለው ከኋላ ወንበር ተነቅሎ ወደ ጅራት የተንሸራተተ አሻንጉሊት ነው። የተነቀለውም በማይይዘው ሙጫ ስለተጣበቀ ነው።

ጉዳዩን በዝርዝር ልጽፈው የፈለግሁት ለዚህ ነው። ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ስለ ሙጫ ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ «ጠንካራው የቱ ነው?» ብለው ይጀምራሉ። እኔ ሌላ ጥያቄ ይቅደም እላለሁ። ይህ መገጣጠሚያ ሥራው ምንድን ነው? ይሳባል? ይላጣል? ይመታል? ነገ መከፈት ይኖርበታል? ይህ ከታወቀ ሙጫውን መምረጥ አይከብድም። ኮክፒት ውስጥ የሚቀመጠውን ሰው ስንሠራም ጥያቄው ያው ነው።

አውሮፕላኑና የደጋው አየር

ልጆቹ ፖቴዝ 25ን የመረጡት በምክንያት ነው። ወደ አዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ በርሮ የገባው አውሮፕላን ይኸው የፈረንሳይ ሥሪት ነበር። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ ይዞት መጣ፤ «ንስረ ተፈሪ» የሚል ስምም ወጣለት። ከዓመት በኋላ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ለብቻቸው በመብረር የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ልጆቹ ከፊት ሚሽካን፣ ከኋላ አስፋውን ማስቀመጥ ፈለጉ። ሐሳቡን ስሰማ ደስ አለኝ። ውጭ አገር ተሠርተው የሚሸጡ የአብራሪ ምስሎች በአብዛኛው የአውሮፓ ፊት ያላቸው ናቸው። የእኛን ሰው በእኛ ሰማይ ላይ ማስቀመጥ የፈለገ ራሱ መሥራት አለበት።

ፖቴዝ 25 ለሞዴል ሠሪ ምቹም ፈታኝም ነው። የላይኛው ክንፉ ሰፊ፣ የታችኛው በጣም አጭር ነው። ሁለቱ ክፍት ኮክፒቶች ከክንፉ ኋላ ተከታትለው የተቀመጡ ናቸው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 14.14 ሜትር ስለሆነ ልጆቹ በ1 ለ10 ስኬል ሲሠሩት 141 ሴንቲ ሜትር መጣ። ኮክፒቱ ክዳን የለውም። ስለዚህ ባዶ ወንበር ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። በዚህ አውሮፕላን ላይ አብራሪ መቀመጡ ግድ ነው።

ፈተናው ክብደት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በእጥፍ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ክንፍ የሚሸከመው በአየር ነው። አዲስ አበባ ላይ 2 ኪሎ የሚመዝን ሞዴል፣ ዝቅተኛ ቦታ ላይ 2.5 ኪሎ የሚመዝን ያህል ሆኖ ነው የሚበረው። በአውሮፓ መጽሔት ላይ «ይህ ክብደት ችግር የለውም» የሚል ምክር ያነበበ ሰው እዚህ ሲመጣ ማስተካከል አለበት። የልጆቹ ሞዴል ባትሪውን ጨምሮ 2.35 ኪሎ ይመዝን ነበር። ለክንፉ ስፋት ይህ ብዙ ነው።

ስብራቱ የተናገረው

ከመጠገኔ በፊት የተሰበረውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። የተሰበረ መገጣጠሚያ ብዙ ይናገራል። ሁለቱንም ፊት ማየት ነው። የእንጨት ጭረት ሙጫው ላይ ተቀድዶ ከቀረ ሙጫው ሥራውን ሠርቷል፤ የተሸነፈው እንጨቱ ነው። ሁለቱም ፊት አብረቅራቂና ንጹሕ ከሆነ ግን የለቀቀው ሙጫው ነው።

ልጆቹ ለሁሉም ነገር ማለት ይቻላል ሱፐር ግሉ ተጠቅመዋል። ይገባኛል፤ ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ፣ በሰከንድ ይይዛል። ባልሳው፣ ማለትም በጣም ቀላሉ የሞዴል እንጨት፣ ከውጭ በሻንጣ የመጣ ስለነበር ቆጥበው በጥንቃቄ ቆርጠውታል። የክንፉ ጎድኖችና ወጋግራው (ክንፉን በርዝመቱ የሚሸከመው ዋና እንጨት) የተገናኙባቸው ቦታዎች አንዳቸውም አልለቀቁም። እዚያ ሱፐር ግሉ ልክ ቦታውን አግኝቷል። እንጨቱ በትክክል የተቆረጠ ነው፣ ክፍተት የለም፣ ጭነቱም ጎድኑን ከወጋግራው ጋር የሚያስጨንቅ እንጂ የሚልጥ አይደለም።

አፍንጫው ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ሞተሩ የሚታሰርበት የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ሙሉ ለሙሉ ተገንጥሎ ወጥቷል። ፊቱ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ጠንካራ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ቀጥ አድርገው ሲስቡት ብዙ ይችላል፤ ሲመቱት ወይም ከጥግ ሲልጡት ይሰነጠቃል። ሞተር ደግሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ሲያርፍ ይመታል። ከዚህም በላይ ኮምፔንሳቶው የተጣበቀው በባልሳው የተቆረጠ ጫፍ ላይ ነበር። የእንጨት ጫፍ ቀጭኑን ሙጫ ወደ ውስጥ ይጠጣዋል፤ ፊት ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው።

በክንፎቹ መካከል የቆሙት የቀርከሃ ድጋፎችም ተነቃቅለዋል። የቀርከሃ ቆዳ በተፈጥሮው ለስላሳና ሰም የመሰለ ነው። ሳይፋቅ የተቀባበት ሙጫ ላዩ ላይ ብቻ ይቀመጣል።

የክንፉ መሐል ደግሞ የተያዘው በማስቲሽ ነው። አልተሰበረም፤ ግን ክንፉ ከመውደቁ በፊትም ወደ ታች መርገብ እንደጀመረ ከሙጫው መለጠጥ ይታያል። ማስቲሽ ለጫማ ሶል የተሠራ ነው። ሶል መታጠፍ አለበት፤ ስለዚህ ሙጫው ሲደርቅም ይለጠጣል። ክንፍ ግን ቀን ከሌት ክብደት ተሸክሞ ቅርጹን መጠበቅ አለበት። የሚለጠጥ ሙጫ በዚህ ጭነት ሥር ቀስ በቀስ ይሸሻል።

አንድ ሌላ ምልክት አለ። ከፊተኛው ኮክፒት በፊት ያለችው ትንሿ መስታወት ነጭ ጉም ለብሳለች። ልጆቹ ፕላስቲኩ የተበላሸ መስሏቸው ነበር። የሱፐር ግሉ ትነት ነው። ሙጫው ሲደርቅ የሚወጣው ትነት በአቅራቢያው ባለ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ ተቀምጦ እዚያው ይደርቃል።

የኋላው ሰው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በኮክፒቶቹ ውስጥ የነበሩት ከገበያ የተገዙ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች ናቸው። ወገባቸው ተቆርጦ ቀለም ተቀብተዋል። እያንዳንዳቸው 85 ግራም ይመዝናሉ። የፊተኛው ከሚዛን ነጥቡ፣ ማለትም አውሮፕላኑ በጣት ሲደገፍ እኩል ከሚቆምበት ቦታ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ነው፤ የኋለኛው 22። ሞዴሉ ወደ ጅራት እንዳይከብድ ልጆቹ ከሚዛን ነጥቡ 20 ሴንቲ ሜትር ፊት፣ አፍንጫው ውስጥ፣ እርሳስ ጨምረዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 85 በ15 ሲባዛ፣ 85 በ22 ሲባዛ፣ ተደምሮ ለ20 ሲካፈል 157 ግራም ይመጣል። ሁለት አሻንጉሊቶች ከነመልስ ክብደታቸው 327 ግራም በሉ ማለት ነው። በቀጭን አየር ላይ ይህ ከባድ ዋጋ ነው።

አሻንጉሊቶቹ የተጣበቁት በሱፐር ግሉ ነው። ይህ ሙጫ ሁሉን ያጣብቃል የሚል ስም አለው። ታሪኩም ይህን ያግዛል። ኮዳክ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሃሪ ኩቨር በ1942 እ.ኤ.አ. ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ አገኘው፤ የነካውን ሁሉ እየያዘ ስላስቸገረ ተወው። ሙጫ ሆኖ ለገበያ የቀረበው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ነገር ግን የማይይዛቸው ነገሮች አሉ። ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኢቲሊን የሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ አንዱ ነው። እነዚያ አሻንጉሊቶች ከዚሁ ዓይነት የተሠሩ ነበሩ። ለጊዜው የያዘ ይመስላል። ጥፍር ጣል ቢያደርጉበት ግን ሙጫው እንደ ቅርፊት ተነሥቶ ይወጣል።

የተማሪዋ ትዝታ እንቆቅልሹን ፈታው። «ሬሳውን ስናነሣ የኋላው ሰውዬ ወንበሩ ላይ አልነበረም፤ ጅራቱ ውስጥ ነው ያገኘነው» አለች። ሲወድቅ የገባ መስሏቸው ነበር። ይህ ሊሆን አይችልም። አውሮፕላኑ የወደቀው በአፍንጫው ነው፤ የላላ ነገር ሁሉ ወደ ፊት መወርወር ነበረበት። አሻንጉሊቱ ወደ ኋላ የሄደው አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ባለበት ሰዓት ነው።

85 ግራም 25 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሲሄድ 2.35 ኪሎ የሚመዝነው ሞዴል ሚዛን ነጥቡ 9 ሚሊ ሜትር ይሸሻል። ይህ ከላይኛው ክንፍ ወርድ፣ ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ ካለው፣ 4 በመቶ ገደማ ነው። ልጆቹ ሚዛኑን ያስቀመጡት ደግሞ ቀድሞውንም በተፈቀደው ወሰን የኋላ ጠርዝ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ አፍንጫው ይበልጥ ይሰቀላል፣ ፍጥነት ይወርዳል፣ ክንፉ መሸከም ያቆማል። የሆነውም ይኸው ነው።

እንደገና ሲጣበቅ

ጥገናውን አብረን ሠራነው። መጀመሪያ ያደረግነው ሙከራ ነው። ከዚያው ባልሳ፣ ከዚያው ኮምፔንሳቶና ከዚያው ቀርከሃ ቁርጥራጭ ወስደን በተለያየ ሙጫ አጣበቅን፤ አሳደርንና በእጃችን ሰበርን። እንጨቱ የተቀደደበትን ሙጫ ተቀበልን፤ ንጹሕ ሆኖ የለቀቀውን ጣልን። ማሽን አያስፈልገውም። ማንኛውም ሠሪ አዲስ ሙጫ በገዛ ቁጥር ይህን ቢያደርግ እመክራለሁ፤ ሱቅ ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየ ጠርሙስ ከስያሜው ጋር ላይመሳሰል ይችላል።

ለተሰበሩት ጎድኖች ተራውን ነጭ የእንጨት ኮላ መረጥን። ኮላ ውስጥ ብዙ ውሃ አለ። ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል፤ የሚቀረው ክብደት ከተቀባው ያነሰ ነው። ትንሽ ይተጣጠፋል፤ ስለዚህ ንዝረትን ይችላል። ጉዳቱ ጊዜ ይፈልጋል፤ እስኪደርቅም መያዝ አለበት። የልብስ መቆንጠጫና መርፌ ይበቃሉ። ሌላው ጉዳቱ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ እየሞቀ መለስለሱና መጣበቁ ነው። ከላይ የሚለሰልስ ቦታ ላይ ትርፉን ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

የአየሩን ጠባይ ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ኮላ ውሃውን ለአየር በመስጠት ይደርቃል፤ በክረምት ይዘገያል። ሱፐር ግሉ ግን ከአየሩና ከዕቃው ላይ እርጥበት ወስዶ ነው የሚጠነክረው፤ በበጋ ደረቅ አየር ይዘገያል። ልጆቹ የሠሩት በታኅሣሥ ነበር። ሙጫው አልይዝ ሲላቸው «ደካማ ነው» ብለው ደጋግመው ጨመሩ። የሱፐር ግሉ ጥንካሬ ግን ያለው ስስ ሆኖ ሲዘረጋ ነው። ሲወፍር ይዘገያል፣ ይሰነጠቃል፣ ይከብዳል። ከመጣበቁ በፊት አንዱን ፊት በእስትንፋስ እፍ ማለት ብቻ ይበቃ ነበር።

ለሞተሩ ቦታ ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚሠራውንና በቀስታ የሚደርቀውን ኢፖክሲ ተጠቀምን። በአምስት ደቂቃ የሚይዘውም አለ፤ ግን ያኛው በጥንካሬም ሙቀት በመቋቋምም ከቀስተኛው ያንሳል። ሞተር ደግሞ ይሞቃል። የባልሳውን ጫፍ መጀመሪያ በስስ ኢፖክሲ ቀባንና ጠጥቶ እስኪጠግብ ጠበቅን፤ ከዚያ ሁለተኛውን ቀብተን ገጠምን። በኮምፔንሳቶው አልፈው ባልሳው ውስጥ የሚገቡ የቀርከሃ ካስማዎች ጨመርን። ማዕዘኑን ባለ ሦስት ጎን በሆነ የባልሳ ዘንግ ሞላን። ሁለቱን ፈሳሾች በትንሿ ዲጂታል ሚዛን ለካን። ማጠንከሪያው ሲበዛ ቶሎ ይደርቃል የሚሉ አሉ፤ እውነቱ ለስላሳና ደካማ ሆኖ ይቀራል። ኢፖክሲ እንደ ኮላ የሚተንና የሚቀል ነገር የለውም። የተቀባው ሁሉ ይበርራል። ስለዚህ ግዴታ በሆነበት ቦታ ብቻ ነው የገባው። ጓንትም አይረሳ፤ ቆዳ አንዴ ከጠላው ለዘለቄታው አለርጂ ሊሆን ይችላል።

የክንፉን መሐል ከማስቲሹ አጽድተን በሁለቱም በኩል ስስ ኮምፔንሳቶ ለበጥንበት፤ በኮላ ተጣብቆ ሌሊቱን ተቆንጥጦ አደረ። እዚህ ጥንካሬው የሚመጣው ከሙጫው ዓይነት ይልቅ ከስፋቱ ነው። የቀርከሃ ድጋፎቹን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን ቆዳቸውን አነሣን፤ በቀጭን ናይለን ክር ጠምጥመን ክሩን በቀጭን ሱፐር ግሉ አጠጣን። ክሩ ይሸከማል፤ ሙጫው ክሩን ባለበት ይይዛል። ሱፐር ግሉ በዚህ ሥራ ላይ ወደር የለውም።

ማስቲሹ ተቆልፎ የሚቀመጥበት ሳጥን እንዲኖረው ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። ትነቱ ጭንቅላት ይጎዳል። በከተማችን ጎዳና ላይ ስንት ልጅ በዚህ ነገር እየተጎዳ እንደሆነ እናውቃለን። ታናናሽ ተማሪዎች በሚገቡበት ክፍል ውስጥ ክዳኑ ተከፍቶ መቀመጥ የለበትም።

በነገራችን ላይ በፖቴዝ ዘመን ብዙ የእንጨት አውሮፕላኖች የሚጣበቁት ከወተት በሚወጣ ኬዚን በሚባል ሙጫ ነበር። ጠንካራ ነው፤ ግን እርጥበትና ሻጋታ ይበላዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዙ ሞስኪቶ በኬዚን ተጀምሮ በኋላ ሰው ሠራሽ ሙጫ የተተካለት ለዚህ ነው። ትልልቆቹም ሠሪዎች ሙጫን ከሚሄድበት አገር አየር ጋር ማዛመድ ነበረባቸው።

ሁለቱ አብራሪዎች

ይህን ክፍል የመራችው ተማሪዋ ናት። እጇ ለቅርጽ የተፈጠረ ነው። እኔ የሰጠኋት ወሰን ብቻ ነው፦ አንድ ሰው ከ15 ግራም አይበልጥ፤ ከወንበሩ የሚወጣው በሠሪው ፈቃድ ብቻ ይሁን።

መጠኑን በስሌት ጀመርን። 1.72 ሜትር የሚረዝም ሰው ጭንቅላቱ የቁመቱ አንድ ሰባት ተኩልኛ ገደማ ነው፤ 23 ሴንቲ ሜትር። በ1 ለ10 ይህ 2.3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የቆዳ ቆቡ ሲጨመር 2.5። የድሮዎቹ አሻንጉሊቶች ጭንቅላት 3.4 ነበር። በዚያ ስኬል 34 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ራስ ማለት ነው። አውሮፕላኑ ራሱ ትንሽ መስሎ ይታይ የነበረው በዚህ የተነሣ ነው። ተመልካች ትልቅነትን የሚለካው በሰው ነው። የሰው መጠን ሲሳሳት በትክክል የተሠራው ክንፍም አሻንጉሊት ይመስላል።

ከኮክፒቱ ጠርዝ በታች ያለው አይታይም። ስለዚህ የተሠራው ከደረት በላይ ብቻ ነው። ትከሻና ደረት ቴሌቪዥን ከሚታሸግበት ነጭ ፎም ተቀረጸ። ጭንቅላቱ ግን ከዚያ ፎም አይሆንም፤ ፍሬ ፍሬ ስለሆነ አፍንጫ ሲቀረጽ ይፈረፈራል። ለእሱ ከተረፈው ባልሳ ቀለል ያለውን መረጠች። በስለታም ካተር፣ በትንሽ በትንሹ፣ መጀመሪያ ከጎን፣ ቀጥሎ ከፊት። ልምድ የሌለው ሰው ዓይንን ወደ ላይ ይሰቅላል። የዓይን መስመር ግን በአገጭና በአናት መካከል፣ እኩሌታው ላይ ነው።

በዚህ መጠን የሚሽካን ወይም የአስፋውን መልክ ማምጣት አይቻልም፤ አልሞከርነውም። ሰውን ከሩቅ የሚያስታውቀው አቀማመጡ ነው። የፊተኛው ራሱን ጥቂት ወደ ግራ አዘንብሎ በክንፉ ጠርዝ በኩል ወደ ታች ያያል፤ ክፍት ኮክፒት ውስጥ የተቀመጠ አብራሪ የሞተሩን ሽፋን አልፎ መሬት ለማየት የግድ በጎን መመልከት አለበት። የኋለኛው ቀጥ ብሎ በጓደኛው ትከሻ ላይ አሻግሮ ያያል። ሁለቱም ፊት ለፊት ቢያፈጡ ኖሮ ሕይወት አይኖራቸውም ነበር።

ቆቡ የተሠራው ከበግ ቆዳ ነው። የኢትዮጵያ በግ ቆዳ ለጓንት የሚፈለገው ስስና ጠንካራ ስለሆነ ነው፤ ቁርጥራጩ ደግሞ ከቆዳ ሠሪዎች ዘንድ በቀላሉ ይገኛል። ሆኖም ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት በስኬሉ 5 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ከውስጥ በኩል በብርጭቆ ወረቀት አሳሳችው። እርጥብ አድርጋ በራሱ ላይ ወጥራ አደረቀችው፤ ከዚያ አጣበቀችው። እዚህ ማስቲሽ ቦታውን አገኘ። ቆዳ የሚፈልገው የሚለጠጥ ሙጫ ነው። በሁለቱም ፊት ስስ አድርጎ መቀባት፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከዚያ አንዴ መጫን። ጭንቅላቱ ባልሳ ስለሆነ ችግር የለም። ነጭ ፎም ቢሆን ኖሮ የማስቲሹ ማሟሚያ ፎሙን ይበላው ነበር፤ ሱፐር ግሉም እንዲሁ ይበላዋል። የቆዳው ጃኬት ክፍል ደረቱ ላይ ሲለበጥ ይህ ጉዳይ ስለመጣ፣ ፎሙን መጀመሪያ ከኮላና ከስስ ወረቀት በተሠራ ልባስ ሸፈንነው፤ ሲደርቅ ጃኬቱ በራሱ በኮላ ተጣበቀ።

መነጽሩ ደስ የሚል ግኝት ነበር። የኪኒን ማሸጊያ ላይ ያሉት ጥርት ያሉ ጉብታዎች ልክ የመነጽር ቅርጽ አላቸው። ሁለት ተቆርጠው፣ ዙሪያቸው በቀጭን የቆዳ ጥብጣብ ተከቦ፣ በኮላ ተያዙ። ኮላ ሲደርቅ ጥርት ይላል፤ ጉምም አይጥልም። በዚያው ዘዴ የፊት መስታወቷንም ቀየርናት።

ሻርፑ የተቆረጠው ከአሮጌ ነጠላ ነው። ውሃ በበዛበት ኮላ ተነክሮ፣ ነፋስ ወደ ኋላ የወሰደው መስሎ በሽቦ ላይ ደረቀ። ተማሪው በሱፐር ግሉ ሊያደርቀው ሲል አስቆምኩት። ሱፐር ግሉ ጥጥ ላይ በብዛት ሲፈስ በፍጥነት ይግላል፣ ይጨሳል፣ ጣት ያቃጥላል። ማንም ሰው የጥጥ ጓንት አድርጎ በዚህ ሙጫ መሥራት የለበትም።

ለፊቱ ቀለም ጥቁር ቡናማ፣ ጥቂት ቀይና ጥቂት ቢጫ ቀላቀለች። አንድ ወጥ ቀለም ከሜትሮች ርቀት ሲታይ ጠፍጣፋ ይሆናል። ስለዚህ ከቅንድብ ሥር፣ ከአፍንጫ ጎንና ከከንፈር በታች ጠቆር ያለውን አቅጥና ጨመረች፤ ጉንጭና አፍንጫ ጫፍ ላይ ፈካ ያለውን። የዓይን ነጭ በጣም ትንሽ ብቻ፤ ሲበዛ የደነገጠ ሰው ይመስላል። ቆቡ በቡናማ የጫማ ቀለም ተወለወለ። ይህ የመጨረሻው ሥራ መሆን አለበት፤ የጫማ ቀለም ሰም ስላለው ከዚያ በኋላ ምንም ሙጫ አይይዝም።

እያንዳንዳቸው 14 ግራም መጡ።

አቀማመጣቸው ብዙ አነጋገረን። ተማሪው ለዘለቄታው በኢፖክሲ እንዲያዙ ፈለገ፤ የደረሰበትን ሳስብ አልፈርድበትም። ነገር ግን ከፊተኛው ወንበር ሥር የባትሪው ሽቦ አለ፤ መከፈት አለበት። ከሁለቱም ደረት ሥር የኮምፔንሳቶ መቀመጫ በኮላ ለጠፍን፤ መቀመጫው በአንዲት ትንሽ የናይለን ቡሎን ከወለሉ ጋር ይታሰራል። ሙጫ የሚሠራው እንጨትን ከፎም ጋር ብቻ ነው፤ በረራውን የሚሸከመው ቡሎኑ ነው። ከኋለኛው ኮክፒት ጀርባም ስስ የባልሳ ግድግዳ ቆመ። የላላ ነገር ቢኖር እንኳ ወደ ጅራት የሚወስድ መንገድ የለም።

ሚዛኑና ሁለተኛው በረራ

28 ግራም ሰው የሚፈልገው የአፍንጫ እርሳስ 26 ግራም ብቻ ሆነ። ከአብራሪዎቹ ብቻ 273 ግራም ተቀነሰ። የተቆለለው ሙጫ ተፍቆ ሲወጣ፣ ጥገናው ተጨምሮበትም፣ ሞዴሉ 1.99 ኪሎ ላይ ቆመ። ሚዛን ነጥቡን ወደ ፊት አመጣነው።

የማብረሪያ ፈቃድ እንደገና ተጠየቀ። በጥር ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሣና አየሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ በረረ። ቀዝቃዛ አየር ትንሽም ቢሆን ይወፍራል፤ እዚህ ከፍታ ላይ ያም ይቆጠራል። ተማሪው አፍንጫውን ሳይሰቅል በቀስታ አወጣው። መሪዋ ላይ ጥቂት ማስተካከያ ብቻ ነው የፈለገው። ተማሪዋ ዓይኗን ከኮክፒቱ አላነሣችም፤ ሲዞር የሚሽካ ራስ ወደ መሬት ያየበት አቅጣጫ ከመዞሪያው ጋር ገጠመ፤ «አየኸው? አየኸው?» እያለች ጓደኛዋን ያዘችው።

ማረፊያው ጠንከር ያለ ነበር፤ ነጠረ። አፍንጫው፣ የክንፉ መሐልና የቀርከሃ ድጋፎቹ አንድ በአንድ ተፈተሹ፤ ምንም አልተላቀቀም። ሁለቱም ሰዎች በወንበራቸው ናቸው። የጎማው እግር የታሰረበት ኮምፔንሳቶ ግን ተሰንጥቋል። ስንጥቁ የእንጨት ጭረት ያለበት ነው፤ ሙጫው ይዟል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የሚቀየረው እንጨቱ ነው፤ እግሩም በኢፖክሲ ከመታሰር ይልቅ በጠንካራ ላስቲክ እንዲያዝ ወስነናል፤ ሲመታ እንዲለጠጥ።